የመርከቡ ሰዎች የማያውቁት ስም

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ሚስቴ ከእኔ ቀድማ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ነግራ ጨርሳለች። ተሳፋሪ ጭኜ ወደ ኤርፖርት ስነዳ ከኋላዬ የፖሊስ መብራት ካየሁ፣ ምንም ሳላጠፋ ብርክ ይይዘኛል። ልጄን ሳል ከያዛት ከእሷ በፊት አልጋ የምይዘው እኔ ነኝ። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" የሚለው ተረት ለእኔ ተብሎ የተተረተ ይመስለኛል። ደረሰም። ግን ከመንገዱም ከሐኪሙም በኩል አልነበረም የመጣው፤ ከአንድ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ የላይብረሪ ነበር። በስደት የምንኖረው ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ነው፤ በእረፍት ቀኔ ልጄን ወደ ሰፈሩ ላይብረሪ እወስዳታለሁ። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ልዕልትና ዳይኖሰር ሲሻሙ፣ የእኔዋ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ሰፊና ቀጭን መጽሐፍ ጎትታ አወጣች። ሽፋኑ ላይ ድብልብል ያለ ቡናማ እንስሳ ከጉድጓድ ብቅ ብሎ ያያል። ስለ አውስትራሊያ እንስሳትና በመጀመሪያ በመርከብ ስለደረሱባቸው አሳሾች የተጻፈ ነው። ግማሹ እንስሳቱ ናቸው። ቀሪው ግማሽ ደግሞ መርከቡና ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ ያደረጉት ሰዎች፤ አንዱ በረጅም መነጽር ያያል፣ አንዱ በላባ ብዕር ይሥላል፣ ሌሎቹ መረብና ጆንያ ይዘው ከጀልባ ይወርዳሉ። የመመለሻው ቀን ሲደርስ ሪኒው አደረግኩት፤ ቀኑን አስረዘምኩ። እንደገና ሲደርስ እንደገና ሪኒው አደረግኩት። ልጅቷ አልጠግብ አለች።

የሚያነብላት ማን ነው ብትሉኝ፣ እኔ አይደለሁም። እኔ ገና ሳይነጋ እወጣለሁ፤ ሚስቴ አውሮራ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ከልጅቷ ጋር ቤት የሚውሉት አማቴ ናቸው። አማቴ ዳዊት የሚደግሙ ሴት ናቸው፤ እንግሊዝኛ ግን አያነቡም። "ሥዕሉ አፍ አውጥቶ እየተናገረ ፊደሉ ምን ያደርግልኛል?" ይላሉ። እናም ልጅቷን ጎናቸው አስቀምጠው፣ ገጹን በጣታቸው እየነኩ፣ መጽሐፉን ከሀ ጀምረው እንደገና ደረሱት።

ካንጋሮዋ "ባለ ኪሷ" ተባለች። እሾሃማው "የባሕር ማዶ ጃርት" ሆነ። የዳክዬ አፍ ያለውን ጸጉራም ፍጥረት ሲያዩ አማተቡና፣ "ይህንንስ እግዜር የፈጠረው ዓርብ ማታ፣ የተረፈውን ገጣጥሞ ነው" አሉ። ጀርባው ላይ መስመር መስመር ያለበትን ውሻ የሚመስለውንም አወቁት፤ "አያ ጅቦ ነው፤ ባዕድ አገር ሲሄድ ጥለት አሠርቶ።" ሽፋኑ ላይ ያለውን ድብልብል ደግሞ ፍልፈሊት አሏት። ልጄ የወደደችው ፍልፈሊትን ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ወድጃት ነበር።

መርከቡ ያለበት ገጽ ሲደርስ ግን የአማቴ ድምፅ ይለወጣል። "ኡኡኡኡ አለ መርከቡ" ይላሉ፣ ከሆዳቸው እያወጡ፤ ልጅቷ ክንዳቸው ሥር ትገባለች። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ሰዎቹ ደፋሮችና ዕውቀት የጠማቸው ነበሩ ይላል። አማቴ ያዩት ጆንያውን ነው። "እንግዳ ሲመጣ ባዶ ጆንያ ይዞ ይመጣል እንዴ?" አሉኝ አንድ ቀን፣ እኔ የጻፍኩት ይመስል እየተቆጡ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቶሎ ገብቼ በር ላይ ቆሜ ሰማኋቸው።

"የመርከቡ ሰዎች ተደብቀው ያዳምጣሉ። እናቶች ልጆቻቸውን ሲጠሩ ይሰሙና የቤት ስማቸውን ያጠናሉ። በነጋታው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ያንኑ ስም ይጠራሉ። በእናት ድምፅ ይጠራሉ፣ በአባት ድምፅ ይጠራሉ። አቤት ብሎ የወጣው ጆንያ ውስጥ ገባ! ፍልፈሊት ግን ብልህ ናት፤ ልጇን ክርስትና አስነስታለች። 'ስሚ' አለቻት፤ 'የክርስትና ስምሽን የምናውቀው እኔ፣ አባትሽና አያትሽ ብቻ ነን። መርከቡ የጮኸ ቀን ጉድጓድሽ ግቢ፤ ጀርባሽን ለበሩ ስጪ፤ በዚያ ስም ካልተጠራሽ ሰማይ ቢወድቅ እንዳትወጪ።'"

"And then?" አለች ልጄ።

"ከዚያማ የመርከቡ ሰዎች ጠርተው ጠርተው ጉሮሯቸው ሲደርቅ ሄዱ።"

አማቴ በክርስትና ስም ነገር ቀልድ አያውቁም። ባዕድ ጆሮ ከገባ ይደገምበታል፣ ይታሰርበታል ባይ ናቸው። "እማማ፣ ኧረ ልጅቷን አያስፈራሯት" አልኳቸው። "ፈሪውስ አንተ ነህ፤ እሷ ምን ሆነች!" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ መጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ አንብቤ ነበር። ባለ ጥለቱ፣ የመጨረሻው፣ በፍርግርግ ውስጥ እንዳለ ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ እሱን የመሰለ ማንም አላየም ይላል። ለእሳቸውም ለልጄም አልነገርኳቸውም። ብቻዬን ስነዳ ግን ያ ፍርግርግ እየመጣ ፊቴ ይደቀናል።

ሰኔ ላይ የዚህ አገር ሰማይ አይታመንም። ጠዋት ጠራ ብሎ ያታልልና ከሰዓት በኋላ ከተራራው በኩል የሚያመጣውን ያመጣል። ያን ቀን መኪናዬን ጋራዡ ፊት ፓርክ ሳደርግ ደመናው አረንጓዴ መሰለኝ። አረንጓዴ ደመና! በስመ አብ ብዬ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ፤ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ነው። ወዲያው የሰፈሩ ሳይረን ተነሣ፤ ኡኡኡኡ ብሎ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ሮጬ ገባሁ። አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ዳዊታቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ግድግዳ እየተደገፉ ወደ ምድር ቤቱ፣ ወደ ቤዝመንት ይወርዳሉ።

"ልጅቷስ?"

"አንተ ጋ አይደለችም? ጓሮ መጽሐፏን ይዛ ነበር፤ የመኪናህን ድምፅ ስሰማ ወደ አንተ ሄዳ ይሆናል ብዬ..."

ወሽመጤ ተቆረጠ። ጓሮ ሮጥኩ፤ የለችም። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን፣ ሻወር መጋረጃ ኋላ፣ የልብስ ማድረቂያው ማሽን ውስጥ እንኳ ሳይቀር አየሁ። የለችም። ተመልሼ ስወጣ የአጥሩ በር ገርበብ ብሏል። ከአጥሩ ኋላ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ፤ ደረቅና ሣር የበቀለበት ነው፤ ጫፉ ላይ በመንገዱ ሥር የሚያልፍ የሲሚንቶ ቱቦ አለው። በቤት ስሟ ጠራኋት። ሳይረኑ ድምፄን ዋጠው። ደግሜ ጠራኋት። ነፋሱ ተነሣና ቆሻሻ መጣያዎቹን መንገድ ለመንገድ ያንከባልላቸው ጀመር። እኔ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም።

ጎረቤታችን ሜክሲኮአዊ ነው፤ እኔና እሱ ከቋንቋ ይልቅ በእጅ ምልክት ነው የምንግባባው። አኳኋኔን አይቶ ሳይጠይቀኝ ወጣ፤ ስልክ የደወለውም እሱ ነው። በአካባቢው ያለፈ አንድ ፖሊስ ወዲያው ደረሰ። ሰውየው ደግ ሰው ነበር። ባርኔጣው ላይ ፕላስቲክ አጥልቆ፣ ረጅም የዝናብ ልብስ ለብሶ፣ ስሟን ጠየቀኝና በድምፅ ማጉያ እየጠራት በቦዩ ዳር ሄደ። የልጄ ስም እንደዚያ ጮክ ብሎ፣ በባዕድ አፍ፣ ሰማይ ሥር ሲያስተጋባ ስሰማ ላስቆመው ቃጣኝ። ለምን እንደሆነ ገና አልገባኝም ነበር።

መጽሐፉን ያገኘሁት ቱቦው አፍ ላይ ነው። ተከፍቶ፣ ፊቱን መሬት ደፍቶ፣ ፍልፈሊት ወደ ላይ ታያለች። የቱቦው አፍ የብረት ፍርግርግ አለው፤ አንዱ ብረት ታጥፎ ለትንሽ ልጅ የሚበቃ ክፍተት ትቷል። ፖሊሱ ባትሪውን ወደ ውስጥ አበራ። ከራቅ ያለ ቦታ ላይ ቢጫ ሹራብ ታየን። ጀርባዋን ሰጥታን ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ትንቀሳቀሳለች፤ ትተነፍሳለች። እሰይ ብዬ ለመጮህ አፌን ስከፍት በረዶው መውረድ ጀመረ።

በቤት ስሟ ጠራኋት፤ ዝም። "አባቢ ነኝ! እኔ ነኝ!" አልኳት፤ ዝም። ፖሊሱ በማጉያው ጠራት፤ ቢጫው ሹራብ ወደ ውስጥ ተሳበ። የእኔ ትከሻ ክፍተቱ ውስጥ አልገባም አለ፤ ሸሚዜ ተቀደደ፣ ቆዳዬ ተቀደደ፣ አልገባም። ብረቱን እኔና ጎረቤቴ ጎተትነው፤ ንቅንቅ አላለም። ፖሊሱ እሳት አደጋዎችን ጠርቶ ነበር፤ እየመጡ ነው አለኝ። ያኔ ነው እግሬ ሥር የቀዘቀዘኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከቱቦው ውስጥ ቀጭን ውሃ ይወጣል። ውሃው ከላይኛው ሰፈር ነው የሚመጣው፤ ቱቦው በዚያኛው ጫፍ ይቀበልና በእኛ በኩል ይተፋዋል። ልጄ መሀሉ ላይ ናት። ከበረታ ተሸክሞ ያመጣትና ከፍርግርጉ ጋር ያጣብቃታል።

ሳይረኑ ኡኡኡኡ አለ። ባለ ባርኔጣው ሰውዬ አጠገቤ ቆሟል። የአማቴ ተረት ገጽ በገጽ ፊቴ ላይ ተዘረጋ። መርከቡ ጮኋል፤ ሰዎቹ ጉድጓዱ አፍ ላይ ናቸው፤ በአባት ድምፅ ይጠራሉ። በዚያ ስም ካልተጠራሽ ሰማይ ቢወድቅ እንዳትወጪ። ሰማዩም እየወደቀ ነበር። የሚያወጣት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክርስትና ስሟ።

ስሙ ጠፋኝ።

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እኔም ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነበርኩ፤ ነበርኩ ከተባለ። ልክ ስሙ ሊወጣ ሲል አንድ ዲያቆን መጥቶ ብርማ መኪና ያቆመ ሰው መውጫ ዘግቷል አለ። የእኔ ነበረች። ዳውንታውን፣ መሀል ከተማ፣ የፓርኪንግ ሥራ ብዙ ስለሠራሁ፣ ሰው ዘጋህ ሲሉኝ አያስችለኝም፤ እየሮጥኩ ወጣሁ። ስመለስ እልልታው አልቆ፣ ልጄ ማዕተቧን አስራ በእናቷ ክንድ ላይ ተኝታለች። ሚስቴ ወደ ቤት ስንሄድ ስሙን ነገረችኝ። "ደስ ይላል" አልኩና መንገዴን አየሁ። ከዚያ ወዲህ ያ ስም ለቄስ ጆሮ ብቻ የሚነገር ሆነ፤ የሚነግሩትም እናቷና አያቷ ናቸው። ለሚስቴ ደወልኩ፤ በሺፍቷ ሰዓት ስልኳ ሎከር ውስጥ እንደሚቀመጥ እያወቅኩ ደወልኩ። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ።

ታዲያ ምን ይዋጠኝ? መገመት ጀመርኩ። ወለተ ይሁን አመተ እንኳ ተምታታብኝ። በእመቤታችን ጀመርኩ፤ ወደ መላእክቱ ሄድኩ፤ ጻድቃኑን ጨርሼ ሰማዕታቱ ላይ ደረስኩ። አንዱን ጠርቼ አያለሁ፤ ሌላውን ጠርቼ አያለሁ። ፖሊሱ ግራ ገብቶት "ስንት ልጅ ነው ውስጥ ያለው?" አለኝ። እኔ ግን ባትሪው የሚያሳየኝን እያየሁ ነበር። የተሳሳተ ስም በጠራሁ ቁጥር ቢጫው ሹራብ ትንሽ ወደ ጨለማው ይርቃል። አንዱን ስጠራ ይርቃል፤ ሌላውን ስጠራ ይርቃል። አፌን በእጄ ያዝኩ። ልጄን በገዛ ድምፄ ወደ ውስጥ እየነዳኋት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ጨርቄን ማቄን ሳልል ወደ ቤት ሮጥኩ። አማቴ ቤዝመንት ደረጃ ላይ ተቀምጠው ይደግማሉ።

"እማማ! የክርስትና ስሟን ይንገሩኝ!"

"ምን ልታደርገው?"

"ቱቦ ውስጥ ገብታለች፤ ውሃ እየመጣ ነው። ሳይረኑን መርከቡ ነው ብላለች። በዚያ ስም ካልሆነ አትወጣም!"

ዳዊቱ ከጉልበታቸው ላይ ወደቀ። "ማን አለ እዚያ?" አሉ።

"ፖሊስ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ሰው አለ! ልጄ ትሙትልዎ እንዴ ስሙ እንዳይሰማ?" ጮህኩባቸው። አማቴ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነበር።

እሳቸው ግን አልተቆጡም። ዓይኔን አዩና "እስካሁን በምን ስም ጠራሃት?" አሉኝ።

"ባገኘሁት ሁሉ።"

"ሰማችህ?"

"ትሸሻለች።"

"እንግዲህ አንተ ከመርከቡ ወገን ሆነሃል" አሉ። "አሁን ብነግርህም አታምንህም። በል ደግፈኝ፤ እኔው ነኝ የምሄድ።"

በረዶው የድንች ፍሬ ያህላል። ሌላ ነገር ስላልታየኝ ከምድጃው ላይ ትልቁን ድስት አንስቼ ራሳቸው ላይ ደፋሁባቸው። በአንድ እጃቸው ድስቱን፣ በሌላው አንገቴን ይዘው፣ በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ጭቃ ቦዩን ወረድን። በረዶው ድስቱ ላይ ይንጫጫል። ከሥሩ "አንቺ እናቱ፣ አንቺ እናቱ" ሲሉ ይሰማኛል። ሌላ ቀን ቢሆን ሳቄ ይገለኝ ነበር። እኛ ስንደርስ ውሃው ቁርጭምጭሚት አልፏል፤ ደረቅ ሣርና ፕላስቲክ እየገፋ ይወጣል።

አማቴ ድስቱን ጥለው በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ውሃው ውስጥ ተንበረከኩ። ፊታቸውን ፍርግርጉ ላይ አስደገፉ። ዞር ብለው ፖሊሱን አዩት፣ ጎረቤታችንን አዩት፣ እኔንም አዩኝ። ከዚያ ስሙን ጠሩት። ሹክ አላሉትም፤ በእንጦጦ ጫፍ ላይ ያሉ ያህል፣ ሰማዩን በሚያልፍ ድምፅ ጮኹት። እኔ እዚህ አልጽፈውም። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባዕድ ጆሮ የጠበቁትን ነገር ሰው ሁሉ እየሰማ ደጋግመው ጮኹት፤ እያንዳንዱ ጩኸት ከአንጀታቸው እየተነቀለ ሲወጣ ይታየኝ ነበር። እሳቸውም ፈርተዋል። እጄን ጨምድደው ይዘዋል።

ከቱቦው ውስጥ "አቤት!" የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

"ነይ ልጄ፤ መርከቡ ሄዷል። በእጅና በእግርሽ ነይ።"

ዳኸች። ውሃው ክርኗ ጋ ደርሷል፤ ከኋላዋ እየገፋ አንዴ በግንባሯ ጣላት፤ ሁላችንም እሪ አልን፤ ተነሣች። ጎረቤቴ ክፍተቱ ውስጥ ረጅም ክንዱን አስገብቶ ሹራቧን ያዘ፤ እኔ እጇን ያዝኩ፤ ጎተትናት። ከቦዩ ወጥተን አጥራችን ጋ ስንደርስ ቱቦው አጉረመረመና ጥቁር ውሃ አፉን ሞልቶ ፈነዳ። ፍርግርጉ ጠፋ። መጽሐፉም ሄደ። ፖሊሱ ባርኔጣውን አውልቆ ውሃውን አየ።

አውሎ ነፋሱ ሰፈራችንን ሳይነካ በሜዳው በኩል አለፈ፤ እኛ ግን ሳይረኑ እስኪያቆም ሁላችንም ቤዝመንት ተቀመጥን። ፖሊሱ ደረጃው ላይ፣ ጎረቤቴ ልብስ ማጠቢያው ላይ። ልጄን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ የእኔም። አማቴ ጉልበታቸውን እያሹ ይመለከቱናል።

"ድምፄን አልሰማሽም?" አልኳት።

"ሰማሁ።"

"አባቢ ነኝ ስልሽስ?"

"ሰማሁ።" ቀጥሎ ያለውን በእንግሊዝኛ ነው የተናገረችው፤ ቀስ ብላ፣ እኔ ትንሹ ልጅ የሆንኩ ይመስል እያስረዳችኝ። "ድምፁ ያንተ ነበር። ግን ስሜን አላወቀውም። የእኔ አባት ስሜን ያውቃል። ስለዚህ አንተ አይደለህም አልኩ።"

አንገቴን ወደ ጆሮዋ ደፋሁና፣ ገና ከአማቴ አፍ የሰማሁትን ስም፣ እሷ ብቻ እንድትሰማኝ አድርጌ ጠራኋት። ራሷን ቀና አድርጋ ፊቴን አየችው፤ ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ አፌን፣ አንድ በአንድ። እኔ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ።

"አቤት" አለች።